ታክመው የዳኑት ሕፃናት ለምን ይመለሳሉ? በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ላሰቡ ጤና መኮንን የተሰጠ ምላሽ

በቡታጅራ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በጤና መኮንንነት የሚያገለግሉ፣ የሦስት ዓመት ልጅ እናት የሆኑ አንባቢያችን የሚከተለውን ጽፈውልናል።

«በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ወስኛለሁ፤ የቸገረኝ የቱን እንደምመርጥ ነው። የዞኑ ጤና መምሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር ኤፒዲሚዮሎጂ እንድማር ስፖንሰር ሊያደርገኝ ፈቃደኛ ነው። ባለቤቴ ግን ሥራዬን ሳልለቅ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ በአንድ የግል ኮሌጅ ጠቅላላ የኅብረተሰብ ጤና ብማር ይሻላል ይላል። የእኔ ልብ ያለው ሥነ ምግብ ላይ ነው፤ ለዚህም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን አስቤ ነበር፤ ክፍያውን ግን ራሴ መቻል ይኖርብኛል። ሜሪላንድ የሚኖረው ወንድሜ ደግሞ ከአሜሪካ በኢንተርኔት ተማሪ ይለኛል። ጓደኞቼ ኤፒዲሚዮሎጂ የተማረ ሰው የውጭ ድርጅት ውስጥ ሥራ አያጣም ይሉኛል፤ እኔ ግን ሒሳብ ያስፈራኛል። በሥራዬ ላይ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ በከባድ የምግብ እጥረት ታክመው፣ ድነው የወጡ ሕፃናት ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሰው ሲመጡ ማየቴ ነው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ፣ የትኛው ዘርፍ ይሻለኛል?»

ውድ እኅታችን፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ዩኒቨርሲቲ፣ ስለ ክፍያና ስለ ሥራ ዕድል በስፋት ጽፈው ታክመው የዳኑት ሕፃናት ተመልሰው መምጣታቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አልፈውታል። እኔ ግን ምርጫዎ የሚወሰነው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ከጨረሱ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሲጨነቁ፣ እርስዎ ከሥራዎ የፈለቀ ጥያቄ ይዘው ነው የሚገቡት። ስለዚህ የቀረቡልዎትን አማራጮች ሁሉ በዚህ ጥያቄ ይመዝኗቸው፤ ጥያቄዎን እስከ መጨረሻው እንዲከታተሉት የሚያስተምርዎ፣ የሚያማክርዎና ጥናቱን የሚያካሂዱበትን ቦታ የሚያመቻችልዎ የትኛው ነው?

በኅብረተሰብ ጤና ሥር ያሉት ዘርፎች በማስታወቂያ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ልዩነታቸው አይገባም፤ አንድ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን ወዲያው ይለያል። የበሽታዎችን ስርጭትና መንስኤ የሚያጠናው የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ የእርስዎን ጥያቄ ሲቀበል በመጀመሪያ ድነው ከወጡት ሕፃናት ስንቶቹ ተመለሱ፣ በስንት ጊዜ ውስጥስ ተመለሱ ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም የተመለሱትን ካልተመለሱት ጋር በዕድሜ፣ ከሕክምና ሲወጡ በነበራቸው የምግብ እጥረትን በሚያሳየው የክንድ ዙሪያ ልክ፣ በቤተሰብ ብዛት፣ ከወጡ በኋላ በያዛቸው ተቅማጥና በመሳሰሉት እያነጻጸረ የትኛው ምክንያት፣ የትኛው ደግሞ አጋጣሚ እንደሆነ ይለያል። የሥነ ምግብ ባለሙያ ወደ ቤት ይገባል፤ ሕፃኑ ለሕክምና በፓኬት የሚሰጠው አልሚ ምግብ፣ ፕላምፒ ነት፣ ሲቋረጥበት ምን በላ፣ በቀን ስንት ጊዜ በላ፣ ስንት ዓይነት ምግብ ቀረበለት ይላል። በእርስዎ አካባቢ ደግሞ ይህ ጥያቄ የተለየ ክብደት አለው፤ ቆጮ ኃይል የሚሰጥ ምግብ ቢሆንም ፕሮቲኑ አነስተኛ በመሆኑ፣ ከቆጮው ጋር አይብ ወይም ባቄላ ለሕፃኑ መድረስ አለመድረሱ ብዙ ነገር ይወስናል። የጤና ሥርዓት አስተዳደር የተማረ ሰው የአልሚ ምግቡ አቅርቦት ለስንት ሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከሕክምና የወጡትን ሕፃናት ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትከታተልበት ጊዜ እንዳላት ይመረምራል። የጤና ማስተዋወቅ ባለሙያው በበኩሉ እናትየው የተሰጣትን ፓኬት ለሌሎቹ ልጆቿ ስታካፍል ምን አስባ እንደሆነ፣ ያንን ነገር እንደ መድኃኒት ወይስ እንደ ምግብ እንደምታየው ተቀምጦ ያዳምጣል።

አራቱም መንገዶች ትክክል ናቸው። ሆኖም በደብዳቤዎ ላይ ሕፃናቱ «ተመልሰው ሲመጡ ማየቴ» ብለዋል እንጂ ስንቶቹ እንደሚመለሱ አልጻፉም፤ አሁን ባለዎት መረጃም በእርግጠኝነት መናገር የሚችሉ አይመስለኝም። መጠኑ ሳይታወቅ መንስኤውን መፈለግ ስለሚያስቸግር፣ ከጥያቄዎ ፊት የቆመው የመጀመሪያ ሥራ መለካትና ማነጻጸር ነው፤ ይህ ደግሞ የኤፒዲሚዮሎጂ ሥራ ነው። የሥነ ምግብ ፍቅርዎን እንዲተዉት አልመክርም። የመመረቂያ ጽሑፍዎን በሥነ ምግብ ጉዳይ ላይ አድርገው፣ ከዋናው አማካሪዎ ጋር የሥነ ምግብ መምህር በሁለተኛ አማካሪነት እንዲመደብልዎ መጠየቅ ይችላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ውስጥ በሥነ ምግብ ላይ የሚሠሩ መምህራን አሉ። ምናልባትም ዞኑ ከተስማማና ቦታ ከተገኘ ዘርፉን ከመመዝገብዎ በፊት ወደ ሥነ ምግብ ማዛወር ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ካልተቻለ ግን ኤፒዲሚዮሎጂውን ይቀበሉት።

የአዲስ አበባውን የምመርጥበት ሌላው ምክንያት ከደጃፍዎ የሚገኝ ነው። ቡታጅራ ውስጥ ስለሚሠሩ የቡታጅራን የገጠር ጤና ፕሮግራም ሳይሰሙ አይቀሩም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና መምህራን ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 የመሠረቱት ይህ የጥናት ጣቢያ፣ በመስቃንና ማረቆ በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ውስጥ ያሉ ቤተሰቦችን ልደት፣ ሞትና ዝውውር እየተከታተለ በመመዝገብ በአገራችን በዓይነቱ ቀዳሚ ሆኗል። በሕፃናት ሞት፣ በእናቶች ጤናና በአእምሮ ሕመም ላይ ብዙ ጥናቶች ተሠርተውበታል። ለሌላ ተማሪ እንግዳ የሆነ አገር ለእርስዎ የሥራ ቦታዎ ነው፤ ቋንቋውን፣ ቀበሌዎቹንና የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን ያውቃሉ። ለመረጃ ስብሰባ ቤትዎ ድረስ ስለሚመለሱም ከልጅዎ የሚለዩበት ጊዜ ያጥራል።

የትኛው ዩኒቨርሲቲ ይሻላል ለሚለው ጥያቄዎም መልሴ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በአገራችን በኅብረተሰብ ጤና ስም ያተረፉ ተቋማት ስማቸውን ያገኙት ከቆሙበት መሬት ነው። የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው በደምቢያ ሜዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በፈጀው የወባ ወረርሽኝ ማግስት ሲሆን፣ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ጤና ነርሱንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር የላከ እርሱ ነው፤ ዛሬ እርስዎ የያዙት ሙያም የተወለደው እዚያ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በዳባት ወረዳ የራሱ የጥናት ጣቢያ አለው። ጅማ ከመነሻው ተማሪዎቹን ማኅበረሰቡ ውስጥ እያሰማራ የሚያስተምርበትን ዘዴ ይዞ የቆየ ሲሆን በግልገል ግቤ አካባቢ፣ ሐሮማያ ደግሞ በቀርሳ ተመሳሳይ ጣቢያ አቋቁመዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው «እገሌ ዩኒቨርሲቲ ይበልጣል» ቢልዎ፣ ተማሪዎቹ የት ወርደው እንደሚያጠኑ መልሰው ይጠይቁት።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥንቃቄ ማጣራት ይኖርብዎታል። ዞኑ «ኤፒዲሚዮሎጂ» ያለው የቱን ነው? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተለመደው የኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት አለ፤ ከኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና ከጤና ሚኒስቴር ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚሰጠው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም አለ። ሁለቱም በሁለተኛ ዲግሪ የሚያበቁ ቢሆኑም አኗኗራቸው ፈጽሞ ይለያያል። በመስክ ሥልጠናው ከሁለቱ ዓመታት ውስጥ አራት እጅ ቢባል አንዱ ብቻ በክፍል ውስጥ ያልፋል፤ ሦስቱ እጅ የሚያልፈው የጤና ቢሮዎች ውስጥ ተመድቦ በመሥራት፣ የበሽታ ቅኝት ሥርዓትን በመገምገምና ኩፍኝ ወይም ኮሌራ በተነሣ ቁጥር ወደ ቦታው በመሄድ ነው። ሥልጠናው እጅግ ጠንካራ ነው፤ ወረርሽኝ የመቆጣጠር ፍላጎት ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ይሁንና የእርስዎ ጥያቄ ስለ ወረርሽኝ አይደለም፤ ልጅዎም ሦስት ዓመቱ ነው፤ በድንገት ተጠርቶ ለሳምንታት ከቤት መራቅ የሚጠይቅ ሥልጠና ሳያውቁት እንዳይገቡበት እሰጋለሁ። ስሜቱን ማወቅ ብቻ ከፈለጉ ለወረዳ ባለሙያዎች የሚሰጠው የሦስት ወር የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና አለ፤ እርሱን ዲግሪዎን ከያዙ በኋላም ሊወስዱት ይችላሉ።

ሒሳብ ያስፈራኛል ብለዋል። ብዙ ጤና መኮንኖች ይህን ይላሉ፤ በየወሩ ሪፖርት ሲሠሩ ግን መቶኛና ምጣኔ ያሰላሉ። የጤና መረጃን በቁጥር የሚተነትነው ባዮስታቲስቲክስ ከባድ የሚሆነው ቁጥሮቹ የማን እንደሆኑ ሳይታወቁ በሰሌዳ ላይ ብቻ ሲቀርቡ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሥራ ይሥሩ። በኃላፊዎ ፈቃድ የጤና ጣቢያዎን የተመላላሽ የምግብ እጥረት ሕክምና መዝገብ አውጥተው ባለፈው አንድ ዓመት የተመዘገቡትን ሕፃናት ይቁጠሩ፤ ስንቶቹ ድነው ወጡ፣ ስንቶቹ ሕክምናውን አቋረጡ፣ ስንቶቹ ሞቱ፣ ስንቶቹስ ቀደም ሲል ታክመው የነበሩ ናቸው? ለሰብአዊ ዕርዳታ ሥራ በወጣው ዓለም አቀፍ የስፊር መለኪያ መሠረት ከሕክምናው ከሚወጡት የሚድኑት ከ75 በመቶ በላይ፣ የሚያቋርጡት ከ15 በመቶ በታች፣ የሚሞቱት ደግሞ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለባቸው። የእርስዎ ጤና ጣቢያ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የት እንደሚገኝ ይመልከቱ። መዝገቡን በወሩ በዲኤችአይኤስ (በኤሌክትሮኒክስ የጤና መረጃ ሥርዓቱ) ከተላከው ሪፖርት ጋር ሲያስተያዩት ደግሞ ቁጥሮቹ የማይገጥሙበት ቦታ ሊያገኙ ይችላሉ፤ ለምን እንዳልገጠሙ መፈለጉ በራሱ የኤፒዲሚዮሎጂ መግቢያ ትምህርት ነው። ይህን የሠራ ሰው ክፍል ውስጥ ስለ ንጽጽር ሲነገረው የሚያስባቸው ሕፃናት ስላሉት ትምህርቱ ይገባዋል። ለብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ዝግጅትም ከአሁኑ ይጀምሩ፤ ፈተናው የማሰብና የማስላት ችሎታን ስለሚመዝን በመጨረሻው ሳምንት በሚደረግ ጥናት አይታለፍም።

የባለቤትዎን ሐሳብ ወደ ጎን እንዳልተውሁት እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሥራ ሳይለቁ መማር፣ ከልጅ ሳይለዩ ማደር ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ ቅዳሜና እሑድ የሚማር ሰው ሁሉ በደንብ አይማርም ማለትም ስሕተት ነው። ሥጋቴ በሁለት ነገሮች ላይ ነው። የመጀመሪያው የሕግ ጉዳይ ነው። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለግል ተቋማት ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አንድ ኮሌጅ በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ፈቃድ ስላለው ብቻ በኅብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ይችላል ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከኮሌጁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ሳይሆን ከባለሥልጣኑ ዘንድ በቀጥታ ያጣሩ። ይህን ሳያደርጉ ዓመታት ከፍለው ተምረው፣ የትምህርት ማስረጃቸው ተቀባይነት አጥቶ የደረጃ ዕድገት የተከለከሉ ሰዎች አሉ፤ የሚያሳዝነው ጥፋቱ የእነርሱ አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ሥጋቴ የመመረቂያ ጽሑፉ ነው። አምስት ቀን ታካሚ ሲያዩ ሰንብተው፣ ቅዳሜ በሌሊት መኪና ይዘው አዲስ አበባ የሚገቡ ሰው ጥናቱን በየትኛው ቀን ያካሂዳል? ጊዜ ያጠረው ተማሪ ርዕስ ይዋሳል፤ ይባስ ብሎም ገንዘብ ተቀብለው ጥናት ለሚጽፉ ሰዎች ይሰጣል። ይህ በአገራችን በግልጽ የሚታወቅ፣ የግልንም የመንግሥትንም ተቋማት የነካ ችግር ነው። እርስዎ እንደዚያ እንደማያደርጉ አልጠራጠርም፤ ነገር ግን ጥያቄዎ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሕፃናቱን ቢያንስ ለጥቂት ወራት መከታተል ይጠይቃል። ጠቅላላ የኅብረተሰብ ጤና የሚባለው ትምህርትም ከሁሉም ዘርፍ ጥቂት ጥቂት ስለሚቀምስ፣ አስቀድሞ የጠራ ጥያቄ ላለው ሰው ከሚሰጠው ይልቅ የሚያስቀርበት ይበዛል።

ሐዋሳ መልካም ምርጫ ነው። በተግባራዊ ሥነ ምግብ ትምህርት የቆየ ልምድ ያለው ዩኒቨርሲቲ በመሆኑ፣ ዞኑ በሆነ ምክንያት ስፖንሰርነቱን ቢያነሣ ከግል ኮሌጁ ይልቅ እርሱን ያስቡ። ስፖንሰር ባለበት ግን ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ መቆየትና ክፍያውንም ከኪስ መሸፈን ለአንዲት የሕፃን እናት የሚመከር አይደለም።

ወንድምዎ ለእርስዎ በጎ አስቦ ነው የመከረዎት። አሜሪካ ውስጥ ለመኖርና ለመሥራት ካሰቡ ምክሩ ይጠቅማል፤ ያኔ የሚፈልጉት የአሜሪካው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ምክር ቤት ዕውቅና የሰጠውን ፕሮግራም ሲሆን፣ ቢያንስ 42 ክሬዲት የሚጠይቅ በመሆኑ በዶላር ሲሰላ ከአቅም በላይ ይሆናል። እዚሁ ለመሥራት ካሰቡ ግን በአንድ የአገራችን ክልል ውስጥ በከባድ የምግብ እጥረት ላይ የሚነሡ ጥያቄዎች በዚያ ትምህርት ውስጥ ብዙም ቦታ የላቸውም። ለማንኛውም የውጭ አገር የርቀት ዲግሪ ከመክፈልዎ በፊት እዚህ የአቻነት ማረጋገጫ ያገኝ እንደሆነ በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ።

ስለ ጓደኞችዎ አስተያየት ረዘም አድርጌ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ብዙ ወጣት የጤና ባለሙያዎች ዘርፍ የሚመርጡት በዚህ ሐሳብ ነው። የውጭ ድርጅቶች ኤፒዲሚዮሎጂ የተማረ ሰው በብዛት ይቀጥሩ የነበረ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ባቋረጠ ጊዜ በዚያ ገንዘብ በኮንትራት ተቀጥረው በየጤና ተቋሙ ይሠሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች በአንድ ጊዜ ሥራቸውን አጥተዋል። ከእነርሱ መካከል ጥሩ ጥሩ መረጃ ተንታኞች ነበሩ። ሥራቸውን ያጡት ትምህርታቸው ስላነሰ አልነበረም፤ ሥራው የቆመው ሩቅ በሚወሰን በጀት ላይ ስለነበረ ነው። ስለዚህ ኤፒዲሚዮሎጂን የሚመርጡት ድርጅት ይቀጥረኛል ብለው ከሆነ ምክንያትዎ ደካማ ነው። ወረዳና ዞን ግን የራሳቸውን ቁጥር የሚያነብላቸው፣ በጀት ሲመደብ «ይህ ቀበሌ ይቅደም፤ ምክንያቱም እነሆ» የሚል ሰው ሁልጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ደመወዙ ከድርጅት ያንሳል፤ ይህን አልሸሽግዎትም። ኑሮ በከበደበት በዚህ ጊዜ ለቤተሰብ ማሰብም ነውር አይደለም። ቢሆንም የደብዳቤዎ መንፈስ ሕፃናቱ አጠገብ መቆየት የሚፈልጉ ሰው መሆንዎን ስለሚያሳይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እዚያው የሚያሠራዎትን ዕውቀት እንዲይዙ እመኛለሁ።

ከመመዝገብዎ በፊት አንድ ቀን ወስደው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የኤሌክትሮኒክስ የጥናት ማኅደር ይክፈቱ፤ የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ለማንም ክፍት ሆነው ይነበባሉ። በምግብ እጥረት ላይ የተሠሩትን ፈልገው፣ አማካሪዎቹ እነማን እንደነበሩ ይመልከቱ፤ ከጥናቶቹ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሙሉ በሙሉ ያንብቡ። የጥናቱ ዘዴ ከገባዎትና «እኔ ብሆን ይህን ጨምሬ እጠይቅ ነበር» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ለትምህርቱ ዝግጁ ነዎት። ከዚያ ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከጨረሱ ሰዎች ጋር ይነጋገሩ፤ አንድ አማካሪ ስንት ተማሪ እንደሚይዝ፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ለማግኘት ምን ያህል እንደጠበቁ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጨረስ የቻሉት ስንቶቹ እንደሆኑ ይጠይቋቸው። ይህን መልስ ከትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ላይ አያገኙትም።

ከዞኑ ጋር የሚፈርሙትን የአገልግሎት ግዴታ ውልም በጥሞና ያንብቡት። በትምህርት ላይ እያሉ ደመወዝዎ ይቀጥላል ወይ፣ ሲመለሱ የሚመደቡት በምን ደረጃና በየትኛው የሥራ መደብ ነው፣ ግዴታውን ሳይጨርሱ ቢለቁ የሚመልሱት ገንዘብ ስንት ነው፣ ትምህርቱ ከአቅምዎ በላይ በሆነ ምክንያት ከሁለት ዓመት ቢያልፍ ምን ይሆናል? ብዙ ባለሙያዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲመለሱ የተመደቡት ከተማሩት ጋር በማይገናኝ ሥራ ላይ በመሆኑ ተስፋ ቆርጠው ለቅቀዋል፤ ስለዚህ ከተመለሱ በኋላ በዞኑ የሥነ ምግብ ወይም የመረጃ ክፍል እንዲመደቡ ያለዎትን ፍላጎት በደብዳቤ ያስገቡ፤ ውሉ ላይ ባይገባም መዝገብ ቤት ቁጥር የያዘ ደብዳቤ ይኖርዎታል። በዚያው ደብዳቤ የመመረቂያ ጥናትዎን በዞኑ የሕፃናት የምግብ እጥረት ሕክምና ላይ ለማድረግ እንዳሰቡና የጤና ጣቢያዎቹን መዝገቦች ለማየት ፈቃድ እንደሚሹ ይጥቀሱ፤ መምሪያው ጉዳዩን ከአሁኑ ካወቀው፣ በሁለተኛው ዓመት መረጃ ለመሰብሰብ ሲመጡ የድጋፍ ደብዳቤ ለማግኘት አይቸገሩም።